አበልጄን የሸፈንኩበት ቀን

መጀመሪያ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ካልነገርኳችሁ የሠራሁት ሥራ አይገባችሁም።

ሙሉነሽ እባላለሁ፤ ሰው የሚጠራኝ ሙሌ እያለ ነው። አምሳ ዓመት በአጠገቤ ሲያልፍ አይቼዋለሁ፣ ቆሜ ግን ሰላም አላልኩትም። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ውስጥ ሐበሻ በተሰበሰበበት አዳራሽ ሁሉ ማይክ ካለ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማይኩ እኔ እጅ ላይ ነው። «የሙሌ ባል ሲያንኮራፋ ጎረቤቶቹ በረዶ ጠራጊው መኪና መጣ ብለው በፒጃማ ወጥተው መኪናቸውን ከመንገድ ያነሳሉ» የሚለውን ሰምታችሁ ከሆነ፣ የእኔ ነው። የመጀመሪያው ክረምቴ ላይ ጆሮዬ ረግፎ አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ያገኘው ሰውዬ በፖስታ ላከልኝ የሚለውም የእኔ ነው። ባሌ ጭራሽ አያንኮራፋም። ሁለቱም ጆሮዎቼም ቦታቸው ላይ ናቸው። ነገሩ እውነት መሆኑ አያስጨንቀኝም ነበር፤ የሚያስጨንቀኝ ሰው መሳቁ ነበር።

የምሠራው ብሩክሊን ሴንተር ባለ አንድ የአረጋውያን መዋያ ነው። አዛውንቶቹ ጠዋት በቫን ይመጣሉ፣ ምሳ ይበላሉ፣ ካርታ ይጫወታሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። በየዓመቱ ትሬኒንግ እንወስዳለን። ፊት ወደ አንድ ጎን ከተንጋደደ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ፣ ስትሮክ ነው፤ ሰዓትሽን እይና ለድንገተኛ አደጋው ቁጥር ለናይን ዋን ዋን ደውይ። ፈተናውን ሁሌም ያለ ስህተት ነው የማልፈው። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «ምስኪን፣ አላወቀችም ነበር» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

ስንዱ አበልጄ ነበረች። የልጇ የሶስና የክርስትና እናት እኔ ነኝ። ሶስና ስትወለድ ሁላችንም ለአገሩ አዲስ ነበርን። ባሏ ታምሩ ደም ካየ የሚወድቅ ሰው ስለሆነ ነርሶቹ ከማዋለጃው ክፍል አስወጡት፤ ስንዱ አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ስታምጥ የጨበጠችው የእኔን እጅ ነው። ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሲሞላት አቅፌ ወደ ጥምቀቱ ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ በኮሎምቢያ ሃይትስ አንድ አፓርትመንት ውስጥ፣ እነሱ አንደኛ ፎቅ፣ እኛ ሁለተኛ ፎቅ ኖርን።

ስንዱ የእኔ ተቃራኒ ነበረች። እኔ አንድ ቀን የማወራውን እሷ ዓመት ታብቃቃዋለች። ልብ ላይ የሚገጠሙ መሣሪያዎች የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ስር ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስትገጥም ነው የኖረችው። መጠጥ አትወድም። በዓመት በዓል ጠጅ ሲቀዳላት ከንፈሯን ታስነካና ብርጭቆውን ወደ እኔ ታሸጋግረዋለች፤ እኔ ደግሞ ባዶውን እመልስላታለሁ።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ፣ በአንድ እሑድ ቀን ነው። የግቢው ልጆች ፓርኪንጉ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል የበረዶ ሰው ሠርተው ነበር። በመስኮት ስመለከት ስንዱ ከመኪናዋ ወርዳ ወደ በሩ ስትመጣ መሃል ላይ ቆመች። ወደ በረዶው ሰው ጠጋ አለችና ትከሻውን በግራ እጇ ያዘችው። ቆየች። ግንባሯን አስደገፈችው። ከዚያ ቀና ብላ ቀስ እያለች ገባች።

ያየሁት ይሄን ያህል ነው። በማግስቱ ሥራ ቦታ የተናገርኩት ግን እንዲህ ሆነ። «አበልጄ ትናንት ጠጅ ቤት ውላ መጣችና የበረዶውን ሰውዬ አንገቱን አቅፋ ሦስት ጊዜ ሳመችው። 'እንደምን ከረሙ? ልጆቹ ደህና ናቸው?' አለችው። ዝም ሲላት ጊዜ 'ኧረ ይጫወቱ፣ ምን አኮረፍዎት?' አለችው።»

ሳቁ ጣሪያ ነካ። ዝምተኛዋ፣ ጨዋዋ፣ ንክች የማታደርገዋ ስንዱ ስለሆነች ነው ያሳቀው፤ የጠጪ ሰው ታሪክ ቢሆን ማን ይስቅ ነበር? አብራኝ የምትሠራው የወሎዋ ዘሃራ እንኳ አፏን በሻሿ ጫፍ ይዛ ሳቀች። ረቡዕ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳወራው ስንዱ የበረዶውን ሰው ስታጎርሰው ጨመርኩበት። ቅዳሜ ፀጉር ቤት ሳወራው መኪናዋ ወንበር ስር ጠርሙስ ተገኘ። በሁለተኛው ሳምንት ሰዎች ለእኔ ለራሴ ያወሩልኝ ጀመር፣ እኔ ያላልኩትን ጨምረው። ያላልኩትን ስሰማ ደግሞ ደስ አለኝ። ጥሩ ነበርና ወሰድኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስንዱ ደረጃውን ወጥታ እኔ ቤት መጣች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ሙሌ፣ ይቺን የበረዶ ሰው ነገር ተይልኝ።»

«ምነው፣ ሰውዬው ቅር አለው እንዴ?»

«ሥራ ቦታ አንዷ መጥታ ማስቲካ ሰጠችኝ። ለሽታው ጥሩ ነው አለችኝ።»

ሳቅሁ። በእውነት ነው የምላችሁ፣ የማስቲካዋን ነገር ለሚቀጥለው ጊዜ በልቤ ይዤው ነበር።

«እሱን ተይው» አለች። «ሌላ ነገር ልነግርሽ ነው የመጣሁት። ቀኝ እጄ አንዳንዴ የእኔ አይመስለኝም። ትናንት ዕቃ ከመቆንጠጫዬ ወደቀ። ያን ዕለትም ከመኪና ስወርድ እንደዚያው ሆኖብኝ ነው የቆምኩት። ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ይመለሳል። ለታምሩ አልነገርኩትም፣ ታውቂዋለሽ ይደነግጣል።»

እዚህ ጋ አንድ ሰው የሚለውን ማለት እችል ነበር። ተነሺ፣ ካፖርትሽን እንደለበስሽ እንሂድ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ ማለት እችል ነበር። የትሬኒንጉ ወረቀት ማቀዝቀዣዬ ላይ በማግኔት ተለጥፎ እጁ ሲዝል የሚያሳየው ሥዕል ከጀርባዋ ይታየኝ ነበር።

«ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልብ ስትጠግኚበት ጡረታ ጠይቆ ይሆናላ» አልኳት። «ወይ ደግሞ ጠጅ ቀንሺ።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ለእኔ ብላ ነው ፈገግ ያለችው። ወረደች።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ የአንድ የምናውቀው ሰው ልጅ ክርስትና ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ብሩክሊን ሴንተር ባለ የኪራይ አዳራሽ ምሳ ተዘጋጀ። ውጪው ትንፋሽ የሚቆርጥ ብርድ ነው፤ ሰው ሁሉ ጃኬቱን እያወለቀ ከአዳራሹ ጎን ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይከምራል። ስንዱ ነጭ ለብሳ መጥታ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ከዘሃራ ጎን ተቀመጠች። ታምሩ ከወንዶቹ ጋር ከአዳራሹ ኋላ ካለው መጋዘን ወንበር ሊያወጣ ሄዷል። ሶስና የለችም፤ ዩኒቨርሲቲው ዶርም ውስጥ ስለምትኖር ከሰዓት በኋላ በባቡርና በአውቶቡስ እመጣለሁ ብላለች። እኔ ማይክ ይዣለሁ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ሰዓቱን የማውቀው ቄሱ ባርከው ምግብ ሊነሳ ሲል ሰዓቴን አይቼ «ሆዴ ከቁርስ ጀምሮ ተሰልፏል» ስላልኩ ነው። ሰው ይስቃል። ስንዱ ከፊቷ ያለውን ብርጭቆ ልታነሳ ስትል ብርጭቆው ተገለበጠ። ልብሷ ላይ ፈሰሰ፤ እሷ ግን ልብሷን አላየችም። ሰው ዞር አለ። ያን ጊዜ በማይኩ ምን አልኩ መሰላችሁ?

«ስንዱዬ፣ የበረዶውን ሰውዬ ይዘሽው ነይ ብዬሽ አልነበር? ወይስ አዳራሹ ይሞቃል ብሎ ቀረ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ስንዱ ልትነሳ ሞከረች። አንድ ነገር ተናገረች፤ ቃላቱ አፏ ውስጥ ተለውሰው ወጡ። ጠረጴዛውን በግራ እጇ ያዘች፣ ከዚያ ጨርቁን ይዛ ወደቀች። ከኋላ ያሉት የበለጠ ሳቁ፤ ከፊት ያሉት አቆሙ።

አሁን እዚህ አገር የማይኖር ሰው፣ ወይም የእኛን ሰው የማያውቅ ሰው፣ አንድ ሰው መሬት ላይ ሲወድቅ ሁሉም ወደ ስልኩ ይሮጣል ብሎ ያስባል። እኛ ግን ወደ ገመናው ነው የሮጥነው። ሴት ልጅ፣ ባለትዳር፣ በክርስትና ቀን፣ ሰው ፊት ሰክራ ወደቀች። ከሁሉም በፊት መሸፈን አለባት። እትዬ በላይነሽ የሚባሉ ሁላችንም የምናከብራቸው ትልቅ ሴት አሉ። አዳራሹን ሮጠው አቋረጡ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ሲሮጡ ያኔ ነው ያየሁት። ነጠላቸውን አወለቁና ፊቷ ላይ ጣል አደረጉት። «ያዢ በዚህ፣ አንቺም በዚህ። ወንዶቹ እንዳያዩ። ታምሩ እንዳይሰማ።» ዘሃራና ሁለት ሴቶች ይዘዋት ጃኬቶቹ ወዳሉበት ክፍል አስገቧት።

እኔም ማይኩን አስቀምጬ ገባሁ። የወለሉ ምንጣፍ ላይ አስተኝተዋት ጫማዋን አውልቀውላታል። እትዬ በላይነሽ ከክምሩ ጃኬት እያነሱ ያለብሷታል። «ትተኛ። እንቅልፍ ነው መድኃኒቱ። ለታምሩ ራሷን አሟት ከጎረቤት ጋር ወደ ቤት ሄደች እንበለው።»

ስንዱ አልተኛችም ነበር። ግራ ዓይኗ ያየኛል። በግራ እጇ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ግማሹ።

እንግዲህ ስሙኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ የበረዶው ሰው ታሪክ ውሸት መሆኑን የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ ነኝ። ስንዱ እንደማትጠጣ አውቃለሁ፤ ብርጭቆዋን የምጨርስላት እኔ ነኝ። እጇ እንደማይታዘዛት አውቃለሁ፤ ነግራኛለች። ፊት ሲንጋደድ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከፈተናው መቶ ከመቶ ነው ያገኘሁት። ግን ያን ታሪክ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሰው ፊት፣ በድምፅ፣ በእጅ፣ በአንገት እያሳየሁ ስናገር ከርሜ፣ ፊቷ ተንጋዶ ሳይ መጀመሪያ የመጣልኝ የትሬኒንጉ ሥዕል አይደለም። የመጣልኝ የራሴ ወሬ ነው። «ለካ እውነቴን ነው» አልኩ በልቤ። እንደዚህ ነው ያልኩት። «ለካ በእውነት ትጠጣለች።»

ጃኬቴን ከክምሩ ፈልጌ አወጣሁና ደረቷ ላይ ደረብኩላት። ጣቶቿን ከቀሚሴ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅሁ።

«ተኚ አበልጄ። እኔ እሸፍንሻለሁ» አልኳት።

ወደ ማይኩ ተመለስኩ።

አራት ሰዓት ሙሉ እንዲህ አለፈ። እትዬ በላይነሽ ወንበራቸውን ወስደው የክፍሉ በር ላይ ተቀመጡ። ማንንም አያስገቡም። ሰው ሊሄድ ሲነሳ «የእኔ ጥቁሩ ነው»፣ «የእኔ ኮፍያው ፀጉር ያለው ነው» ሲላቸው እሳቸው ራሳቸው ገብተው ያወጡለታል። መካከል ላይ ዘሃራ መጥታ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«ሙሌ፣ ልጠይቅሽ። ሲሰከር ይሸታል አይደል?»

«አዎ። ምነው?»

«ስንሸከማት ምንም አልሸተተኝም።» ከዚያ ራሷ አፈረች። «እኔ ስለ መጠጥ ምን አውቃለሁ ብዬ ነው። ቤታችንም ገብቶ አያውቅ።»

«ቮድካ አይሸትም» አልኳት። ከየት አምጥቼ እንዳልኳት አላውቅም። ሰው ሳስቅና ስናገር ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ። ዘሃራ አንገቷን ነቀነቀችና ወደ ቦታዋ ሄደች።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሶስና ገባች። ፊቷ በብርድ ቀልቷል። አቀፈችኝ፣ «እማ ሙሌ፣ ማሚ የት ናት?» አለች። እኔ ሳልመልስ አባቷ ከወንበር ደርዳሪዎቹ መካከል «ራሷን አሟት ቤት ሄዳለች» አላት። «ስልኳን አላነሳችም እኮ» አለች ሶስና። ጃኬቷን ልታስቀምጥ ወደ ክፍሉ ስትሄድ እትዬ በላይነሽ «ስጪኝ ልጄ፣ እኔ አስቀምጥልሻለሁ» አሏት። «ኢትስ ኦኬ» ብላ አልፋቸው ገባች። እዚህ የተወለደ ልጅ በር ላይ የተቀመጠ አዛውንት ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያውቅም።

ተከትዬያት ደረስኩ። እንግዶቹ ሲሄዱ ጃኬቶቻቸው አንድ በአንድ ከላይዋ ተነስተው ነበር። የቀረው የእኔ ብቻ ነው። ስንዱ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ከአፏ ጥግ ምራቅ ወርዶ አንገቷ ላይ ደርቋል፣ ቀኝ እጇ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ከጎኗ ተጥሏል። ሶስና አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየቻት። ስልኳን አውጥታ በእንግሊዝኛ «እናቴን ስትሮክ መትቷታል» ስትል ሰማኋት። አልጮኸችም።

ሚኒያፖሊስ ካለው ሆስፒታል ስንደርስ ታምሩ፣ ሶስና፣ እትዬ በላይነሽና እኔ ነበርን። አንዲት ወጣት ሐኪም ቶሎ ቶሎ እየተራመደች መጣችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆና የታየችው በስንት ሰዓት ነው?

ሶስና ወደ እኛ ዞረች። ታምሩ ምንም አያውቅም። እትዬ በላይነሽ ቶሎ ብለው «አሁን ነው፣ ግማሽ ሰዓት አይሆናትም። ጋደም ልበል ብላ ነው የገባችው» አሉ።

ክፉ ሴት አይደሉም፤ ያንኑ ሥራ ነው የቀጠሉት። ቅድም የስንዱን ገመና ሸፈኑ፤ አሁን የሁላችንን ይሸፍናሉ። ሶስና ተረጎመችላት። ሐኪሟ ወደ ነርሱ ዞር ብላ ስለ አንድ መድኃኒት መናገር ጀመረች። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ነው። እሱንም ትሬኒንግ ላይ ተምሬዋለሁ። በጊዜ ከተሰጠ ያድናል፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ከተሰጠ ግን ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል።

«አይደለም» አልኩ።

እትዬ በላይነሽ ክንዴን ቆነጠጡኝ። ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ።

«ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው» አልኩ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ደገምኩት። «ትዌልቭ ሰርቲ። ወደቀች። ንግግሯ ተኮላተፈ። አይቻለሁ።»

ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ነርሱን «ስቶፕ» አለችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሌላ ነገር እንሞክራለን፣ በቀጭን ቱቦ ገብተን የረጋውን ለማውጣት እንሞክራለን ብላ ሄደች። ታምሩ ዞሮ አየኝ። «ስድስት ሰዓት ተኩል?» አለ። «ቤት ሄደች አላላችሁኝም?» ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጥን። እትዬ በላይነሽ ጥግ ይዘው ይጸልያሉ። ሶስና መጥታ ከጎኔ ተቀመጠችና ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች።

«ታንክ ዩ፣ እማ ሙሌ» አለችኝ። «ሁሉም ሰው ዋሸ። አንቺ ብቻ ነሽ እውነት የተናገርሽው።»

መሐረቤን አውጥቼ ሰጠኋት።

«ዛሬ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር የመጣሁት» አለች። ሰው ሲፈራ እንደሚያደርገው ለመናገር ብላ ነው የምትናገረው። «ማይኩን ነጥቄሽ ልናገር ነበር። ፔፐር ጻፍኩ። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ታሪክ ክላስ አለኝ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ አሮጌ ቃል መርጦ ከየት እንደመጣ ይጽፋል። እኔ ጎሲፕ የሚለውን መረጥኩ።»

«ሐሜት?» አልኳት።

«አሁን ሐሜት ነው። ድሮ አይደለም። ድሮ ድሮ፣ ከሺህ ዓመት በፊት፣ ጎድሲብ ነበር የሚባለው። ጎድ እግዚአብሔር ነው። ሲብ ዘመድ ነው፤ ሲብሊንግ የሚለው ውስጥ አሁንም አለ። በእግዚአብሔር የተገኘ ዘመድ ማለት ነው። ልጅሽን ክርስትና ያነሳልሽ ሰው ጎድሲብሽ ነው።» ቀና ብላ አየችኝ። «ትዝ ይልሻል፣ ልጅ ሆኜ ለጓደኞቼ አበልጅ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሲያቅተኝ? እንግሊዝኛ ለእሱ ቃል የለውም ትይኝ ነበር። ነበረው፣ እማ ሙሌ። ጠፋባቸው እንጂ።»

«እንዴት ጠፋባቸው?»

«ቀስ እያለ። መጀመሪያ የክርስትና ዘመድ ነበር። ከዚያ የልብ ጓደኛ ሆነ። ከዚያ አንዲት ሴት ስታምጥ አልጋዋ አጠገብ የሚሰበሰቡት ሴቶች ጎሲፕ ተባሉ። እጇን የሚይዙት። እዚያ ሌሊቱን ሙሉ እያወሩ ነው የሚያሳልፉት። ውጪ ያለው ሰው የሚሰማው ወሬያቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ወሬኛ ሴት ማለት ሆነ። በመጨረሻ ወሬው ራሱ ሆነ። ዘመዷ ጠፋች፣ አልጋው ጠፋ፣ ወሬው ቀረ።» ዓይኗን ጠረገች። «የፔፐሩ መጨረሻ ላይ ስለ አንቺ ጻፍኩ። እናቴ እኔን ስትወልድ እጇን የያዘችው ሴት አሁንም አለች፣ የድሮው ትርጉም በእኛ ቤት አልጠፋም ብዬ።»

አንባቢዎቼ፣ እኔ ብዙ ጊዜ በብዙ ሰው ፊት ቆሜያለሁ። እንደዚያች ቀን ግን በአንድ ሰው ፊት ራቁቴን ቆሜ አላውቅም። ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል ያች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ታመሰግነኝ ነበር።

«ሶሲ» አልኳት። «እናትሽን ለምን ጃኬት አልብሰው እንዳስተኟት ታውቂያለሽ?»

«ሰክራለች ብለው ነው አሉ። አይ ዶንት ጌት ኢት። ማሚ አትጠጣም እኮ። ማን እንደዚያ አለ?»

«እኔ ነኝ።»

የበረዶውን ሰው ነገርኳት። ጉርሻውን ነገርኳት፣ ጠርሙሱን ነገርኳት፣ በማይኩ ያልኩትን ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳልጨምር ነው ያወራሁት። ሲያልቅ በጣም አጭር ታሪክ ነበር።

ሶስና ራሷን ከትከሻዬ አነሳች። ተነሳች። ሁለት ወንበር አልፋ ተቀመጠችና ቦርሳዋን በመካከላችን ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠች። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። በእንግሊዝኛ፣ ወደ ግድግዳው እያየች፣ «ለሁሉም ንገሪያቸው» አለች። «ያን የነገርሻቸው ሰዎች በሙሉ። በዚያው አፍሽ።»

ሐኪሞቹ ከረጋው የተወሰነውን አወጡት። አንጎሏ ግን ብዙ ሰዓት ያለ ደም ቆይቶ ነበርና አበጠ። ስንዱ በአራተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ዓይኗን ሳትገልጥ አረፈች።

ለቅሶው እዚያው አፓርትመንታችን ውስጥ ነበር። ሳሎኑ ሞልቶ ሰው ኮሪደሩ ላይ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰማሁ። «መጠጡ ነው የጎዳት ይላሉ።» «አዎ፣ ደብቃ ነው የኖረችው፣ ምስኪን።» በሐዘኔታ ነው የሚያወሩት። አሁንም እየሸፈኗት።

ተነስቼ ሳሎኑ መሃል ቆምኩ። «ስለ ስንዱ አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ» አልኩ።

ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፊታቸው በራ። ለቅሶ ቤት ውስጥም ቢሆን፣ ሙሌ ስትነሳ ሰው ትንሽ ፈካ ይላል። ሐዘንተኛን የምታጫውት መስሏቸው ተደላድለው ተቀመጡ። «የበረዶውን ሰው ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» ስል አንድ ሁለት ሰው ፈገግ አለ፤ ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን አፈነ። በሕይወቴ ሳቅ የፈራሁት ያን ጊዜ ነው። «ውሸት ነው» አልኩ። ፈገግታው አልጠፋም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ይጠብቃሉ። ሦስት ጊዜ መድገም ነበረብኝ። «ውሸት ነው። አትጠጣም ነበር። ታማ ነው የቆመችው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።» በሦስተኛው ላይ ዝም አሉ። ዘሃራ ከጥግ ሆና ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች።

ፍራሽ ላይ የተቀመጠው ታምሩ ቀና አለ።

«ታማ እንደነበር በምን አወቅሽ?»

«ነግራኝ ነበር። ቀኝ እጄ አይታዘዘኝም ብላኝ ነበር።»

«መቼ?»

«ከመውደቋ በፊት። በዚያው ሳምንት።»

አሰበ። ጣቶቹን እየቆጠረ ይመስል አያቸው።

«እኔን አልነገረችኝም» አለ። «ላንቺ ነው የነገረችው።»

ከዚያ በኋላ ውጪም አላለኝም፣ ተቀመጪም አላለኝም። እስካሁንም ደረጃው ላይ ስንገናኝ ግድግዳውን ይዞ ያሳልፈኛል፤ ሰላምታዬን በአንገቱ ይመልሳል። ሶስና ዓርባውን አስቀድሳ ስትመለስ ፓርኪንግ ላይ አግኝታኝ «ሙሉነሽ» ብላ ጠራችኝ። በስሜ ብቻ፣ አሜሪካኖቹ እንደሚጠሩኝ። የእናቷን የክረምት ልብሶች ለመውሰድ የሚረዳት ሰው ፈልጋ ነበር። ተሸከምኩላት። አመሰገነችኝ። እማ ሙሌ የሚለኝ ሰው ከዚያ በኋላ የለም።

ማይክ ትቻለሁ። ሰዎች ተለወጥሽ ይሉኛል፤ ንስሐ ገባሽ የሚሉኝም አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀልድ አሁንም ይመጣልኛል። ሰው ሲደናቀፍ ሳይ አፌ ቀድሞ ይከፈታል። ልዩነቱ ከመናገሬ በፊት ሄጄ የተደናቀፈውን ሰው ምን ሆነሃል ብዬ መጠየቄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። አንድ ጊዜ መዋያችን ውስጥ ግን አንድ አዛውንትን እውነትም ስትሮክ መትቷቸው ነበር፤ ደወልኩ፣ ደረሱላቸው፣ ዛሬ ካርታ ይጫወታሉ። ይህ ስንዱን አይመልስልኝም።

ያወራሁላቸውን ሰዎች እየዞርኩ ነግሬያቸዋለሁ፤ የማስታውሳቸውን። ባለፈው ወር ኮሎምቢያ ሃይትስ ፀጉር ቤት ተቀምጬ ሳለ ጎኔ ያለች የማላውቃት ሴት ለፀጉር ሠሪዋ ታወራለች። አንዲት ሐበሻ ሰክራ የበረዶ ሰው ቤቷ አስገብታ እራት አቅርባለት፣ አልጋ አንጥፋለት፣ ጠዋት ስትነሳ ባሏ በውሃ ተጥለቅልቆ አገኘችው። ፀጉር ሠሪዋ ሳቀች። እኔ «ስሟ ስንዱ ነበር፤ አትጠጣም ነበር፤ ታሪኩን የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ሴትየዋ በመስታወቱ አየችኝና አዘነችልኝ።

«አይ እህቴ» አለች። «እኔ በዓይኑ ያየ ሰው ነው የነገረኝ።»

ይህን የጻፍኩት ለዚህ ነው። የሰማችሁት ከእኔ ሊሆን ይችላል፣ ከእኔ ከሰማ ሰው ሊሆን ይችላል፣ በዓይኔ አየሁ ካለ ሰው ሊሆን ይችላል። ከማን እንደሰማችሁ ተዉት። ለማን እንደነገራችሁ አስታውሱና ዛሬ ደውሉላቸው። ሴትየዋ ስንዱ ትባል ነበር በሏቸው። ማይክሮስኮፕ ስር ትሠራ ነበር፣ ጠጅ ሲቀዳላት ለአበልጇ ታሸጋግር ነበር፣ በዚያች እሑድ የበረዶውን ሰው የያዘችው እንዳትወድቅ ነው በሏቸው። አይስቁም። ባይስቁም ንገሯቸው።